ከድጡ ወደ ማጡ?

ጎማ ትዝ የሚለን ሲተነፍስ ነው። እስኪተነፍስ ድረስ ከመኪናው ሥር፣ ከቧንቧው መጋጠሚያ፣ ከፍሪጁ በር ጠርዝ፣ ከሐኪሙ እጅ ላይ ሆኖ ያገለግለናል፤ እኛ ደግሞ አናየውም። ሲተነፍስ ጎሚስታ ዘንድ እንሄዳለን፣ ጎሚስታው ይለጥፈዋል፣ ሒሳብ ከፍለን እንረሳዋለን። ጎማው ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንዳቦካው፣ ያቦካውስ ሰው ሲያቦካ ምን እንደተነፈሰ የሚጠይቅ የለም።

የዛሬው ወጋችን ያንን የሚጠይቅ ነው። ነገሩ ስለ አንዲት ነጭ ዱቄት ነው፤ ስሟ ኢቲሊን ታዮዩሪያ ይባላል። የጎማ ሰዎች እንኳ ስሟ ሲረዝምባቸው በሦስት ፊደል ኢ.ቲ.ዩ. ይሏታል። አንባቢ ገና ከአሁኑ “ኬሚስትሪ ነው እንዴ የምታስተምረን?” ብሎ ገጹን እንዳይገልጥ እለምናለሁ። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት ከልቦለድና ከቅኔ ጋር እንጂ ከብልቃጥ ጋር አይደለም። ይህች ዱቄት ግን ከልቦለድ የማይተናነስ ታሪክ አላት። ታሪኩ ደግሞ የጎማ ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጅ “ይህ ይጎዳል፣ በሌላ ይተካ” ባለ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሠረቱ እንጀምር። ጥሬ ጎማ ማለት ሊጥ ማለት ነው። ከዛፉ የሚንጠባጠበው ወተት ረግቶ የሚገኘው ነገር ሲሞቀው ይልመጠመጣል፣ ሲበርደው ይደርቃል። በ1830ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የጎማ ጫማና የጎማ ካፖርት ፋሽን ሆኖ ነበር፤ በጋው ሲገባ ግን ጫማውም ካፖርቱም ቀልጦ ይገማ ጀመር። ቻርልስ ጉድይር የተባለ፣ በዕዳ ምክንያት እስር ቤት የተመላለሰ ሰው በ1839 ድኝ የተቀላቀለበትን ጎማ ትኩስ ምድጃ አስነካውና ጎማው መቅለጡን ትቶ እንደ ቆዳ ጠንክሮ አገኘው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንኮክም እዚያው ምስጢር ላይ ደረሰ፤ የሃንኮክ ወዳጅ ደግሞ ሥራውን በሮማውያን የእሳት አምላክ በቩልካን ስም ሰየመው። ጉድይር በ1860 ሲሞት በዕዳ እንደተዘፈቀ ነበር። ዛሬ በጎማ ላይ ስሙን የምናነበው ኩባንያ የተቋቋመው እሱ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ በሌሎች ሰዎች ነው።

ምድጃው ምን ሠራ? የጎማ ሞለኪውሎች እንደ ረጃጅም ክር ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አልታሰረም። ድኙ ሲሞቅ በክሮቹ መካከል ድልድይ እየሠራ እርስ በርስ ያስራቸዋል። ከዚያ በኋላ ብትስቡት ይመለሳል፣ ብታሞቁት አይቀልጥም። ዳቦ አንዴ ከተጋገረ ሊጥ አይሆንም እንደማለት ነው። ስለዚህ ሥራውን “ማብሰል” እንበለው።

ችግሩ ድኝ ብቻውን ቀርፋፋ አብሳይ መሆኑ ነው። ሰዓታት ይፈጃል። ፋብሪካ ደግሞ ሰዓት ማለት ገንዘብ የሆነበት ቤት ነው። ጎማውም በምድጃ ውስጥ ብዙ በቆየ ቁጥር ይጎዳል። እናም ገና ከጉድይር ዘመን ጀምሮ የሚያፋጥን ቅመም ይፈለግ ነበር። መጀመሪያ የተገኙት የማዕድን ቅመሞች ነበሩ፤ ዋናው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። እርሳስ ጎማውን አፋጠነ፣ ሠራተኛውን መረዘ። አሊስ ሃሚልተን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በ1915 ለአገሯ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባቀረበችው ጥናት በጎማ ፋብሪካዎች ውስጥ ያሉትን መርዞች አንድ በአንድ ዘርዝራለች። ሃሚልተን ከአራት ዓመት በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መረጃዋን የሰበሰበችው ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞረች፣ ሠራተኛውን እየጠየቀችና የሐኪም መዝገብ እያገላበጠች ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ግኝት እንምጣ። ዓመቱ 1906፣ ከተማው በኦሃዮ ግዛት ያለችው አክረን፣ ኩባንያው ዳይመንድ ራበር ነው። ጆርጅ ኦንስሌገር የተባለው ኬሚስት የተሰጠው ሥራ ረካሹን ጎማ እንደ ውዱ ጎማ ማድረግ ነበር። ያገኘውን ቅመም ሁሉ እያስገባ ሲሞክር አኒሊን የተባለው ፈሳሽ መልስ ሰጠው። አኒሊን ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የሚገኝ የቀለም ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ነበር። ረካሹ ጎማ በአጭር ጊዜ በስሎ፣ ጠንክሮ ወጣ። ኩባንያው ምስጢሩን ለማንም አልነገረም፤ ፓተንት እንኳ አላወጣበትም።

አኒሊን ግን ጠባይ አለው። በቆዳም በትንፋሽም ይገባና ደም ኦክስጅን መሸከም እንዳይችል ያደርጋል። የተመረዘው ሰው ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል። ስለዚህ ኦንስሌገር ምትክ ፈለገ፤ ታዮካርባኒላይድ የተባለ ጠጣር ዱቄት አገኘ። እንደ አኒሊን አይተንም፣ ለአቡኪው የተሻለ ነው። የተመሰገነ ምትክ ነው፤ ኦንስሌገርም በ1933 በሙያው ትልቅ የሚባለውን የፐርኪን ሜዳልያ ተሸለመ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ታዮካርባኒላይድ ከምን ይሠራል? ከአኒሊንና ከካርቦን ዳይሰልፋይድ። አኒሊኑን አይተነዋል። ካርቦን ዳይሰልፋይድ ደግሞ የባሰበት ነው፤ ኦገስት ዴልፔሽ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ገና በ1856 በፓሪስ የጎማ ሠራተኞች ላይ የሚያደርሰውን የአእምሮና የነርቭ ጉዳት ጽፏል። እንግዲህ መርዙ ከጎማ ማቡኪያ ክፍል ወጣ፤ የት ሄደ? ዱቄቱ ወደሚቀመምበት ቤት ሄደ። አንዱ ሠራተኛ እፎይ ሲል ሌላው ተሸከመ። ምናልባት በጥንቃቄ ተይዞ ይሆናል፣ ምናልባትም አልተያዘም፤ ቁም ነገሩ ግን የመጀመሪያው ምትክ መርዙን ከማጥፋት ይልቅ አድራሻውን መለወጡ ነው።

ከዚያ በኋላ የአፋጣኝ ቅመም ገበያ ደራ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዛሬም ድረስ የሚሠራባቸው ቤተሰቦች ወጡ፤ ታያዞል፣ ታዩራም፣ ዳይታዮካርባሜት የሚባሉት። ስማቸውን ማስታወስ አያስፈልግም። የአንዱን ቤተሰብ ገጠመኝ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ የታዩራሞቹን።

በ1937 ኢ. ኢ. ዊሊያምስ የተባለ የፋብሪካ ሐኪም ለአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፈ። በታዩራም ላይ የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ መጠጥ ትተዋል ይላል። ንስሐ ገብተው አይደለም። አንድ ብርጭቆ ቢራ ከቀመሱ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይመታል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። ሐኪሙም “ለመጠጥ ሱስ መድኃኒት ይሆን?” ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው አሥር ዓመት ያህል መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። በኋላ ኤሪክ ያኮብሰንና ዬንስ ሃልድ የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች የታዩራም ዘመድ የሆነውን ዳይሰልፊራምን ለሆድ ትል መድኃኒት ይሆናል ብለው ራሳቸው ላይ ሞከሩት፤ ከዚያ መጠጥ ሲቀምሱ ታመሙ። በ1948 ግኝታቸው ታወቀ፤ አንታቡዝ የተባለው የጸረ ስካር መድኃኒት ተወለደ።

ታሪኩ ሲወራ ብዙውን ጊዜ እንደ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው የሚወራው። እስቲ ገልብጣችሁ እዩት። ያ ሁሉ ሠራተኛ ቅመሙ ደሙ ውስጥ እንደገባ ያወቀው በቢራ ነው! ቢራ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር? በላብራቶሪ መመርመር የነበረበት በጠጪ ሰውነት ተመረመረ። የጎማ ቅመም ታሪክ ሁሉ እንዲህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ምርመራው መጀመሪያ የሚደረገው በሠራተኛው ነው፣ አይጧ የምትመጣው በኋላ ነው።

የታዩራሞቹ ነገር በመጠጥ አላበቃም። እነዚህ ቅመሞች በምድጃ ሙቀት ሲበታተኑ አሚን የተባሉ ነገሮችን ይለቃሉ፤ አሚኖቹ በአየር ካለው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሲገናኙ ናይትሮዛሚን ይሆናሉ። ናይትሮዛሚን ደግሞ ብዙው ዓይነቱ በእንስሳት ላይ ካንሰር የሚያመጣ ነው። በ1980ዎቹ ጀርመን በፋብሪካ አየር ውስጥ ያለውን መጠን በደንብ ወደ መቆጣጠር ገባች። አሜሪካ ደግሞ በሕፃናት ጡጦ ጫፍ ላይ ገደብ ጣለች። አዎ፣ በጡጦ! ከአክረን ማቡኪያ ክፍል የተነሳው ነገር ሕፃን አፍ ድረስ ደርሶ ነበር። እንደገና ምትክ ተፈለገ፤ ናይትሮዛሚኑ ካንሰር አያመጣም የተባለለት ሌላ ታዩራም ቦታውን ያዘ።

አሁን ወደ ነጯ ዱቄታችን መድረሻችን ነው። ግን መጀመሪያ ጎማዋን እንተዋወቅ።

ጁሊየስ ኒውላንድ የካቶሊክ ቄስና በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። የቄሱ የዕድሜ ልክ ፍቅር አሴቲሊን ነው፤ ያው በየብየዳ ቤቱ የምናውቀው ጋዝ። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ የእሳቸውን ግኝት ይዞ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1930 የጸደይ ወራት በዋላስ ካሮተርስ ቡድን ውስጥ የሚሠራው አርኖልድ ኮሊንስ በብልቃጡ ውስጥ ነጥሮ የሚመለስ ጠጣር ነገር አገኘ። በ1931 ለዓለም ተነገረ፤ በኋላ ኒዮፕሪን ተባለ። ከዛፍ ያልወረደ፣ ሰው የሠራው ጎማ ነው። ዘይት ሲነካው አያብጥም፣ ፀሐይና ዝናብ ቶሎ አያሰነጥቀውም፣ እሳትም ቢሆን እንደ ሌላው አይበላውም። ስለዚህ የሞተር ቀበቶ፣ የዘይት ቱቦ፣ የኬብል ልባስ፣ በድልድይ ምሰሶና በወለሉ መካከል የሚገባው ትራስ፣ የጠላቂ ዋናተኛ ልብስ፣ የኬሚካል ጓንት ሆነ።

ኒዮፕሪን ግን አንድ አመል አለው፤ ክሎሪን በውስጡ ስላለ በድኝ ደህና አድርጎ አይበስልም። የሚያበስሉት የዚንክና የማግኒዥየም ኦክሳይድ ናቸው፤ እነሱም ብቻቸውን አይበቁም። እዚህ ነው ኢ.ቲ.ዩ. የገባችው። ጥቂት ዱቄት ጣል ሲደረግባት ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ጎማው ቅርጹን ሳይይዝ ቀድሞ አይበስልም፣ ከያዘ በኋላ ደግሞ ፈጥኖ ይበስላል፤ ተጨፍልቆ ለወራት ቢቆይ እንኳ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ የመጨረሻው ጠባይ ቀላል አይምሰላችሁ። የቧንቧ ማሸጊያ ሥራው ተጨፍልቆ መኖርና አለመልመጥ ነው። በአጭሩ ለኒዮፕሪን ኢ.ቲ.ዩ. ማለት ለወጥ በርበሬ ማለት ሆነች።

በ1969 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ሰፊ የእንስሳት ጥናት ኢ.ቲ.ዩ. ከተመረመሩት ኬሚካሎች መካከል ነበረች፤ በአይጦች ጉበት ላይ ዕጢ አወጣች። ቀጥለው የመጡት ጥናቶች የታይሮይድ ካንሰር አሳዩ። በ1973 ከካናዳ የወጣ ጥናት ደግሞ ከሁሉም የከፋውን ይዞ መጣ፤ እርጉዝ አይጥ ስትወስደው ጽንሱ የአእምሮ ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ እናቲቱ ግን የታመመች አትመስልም።

ታይሮይድ ሲባል እንቅርት ትዝ እንደሚላችሁ አልጠራጠርም። ልክ ናችሁ። ዕጢው ከአዮዲን ሆርሞን ይሠራል። በአገራችን ደጋ አዮዲን ሲያንስ ዕጢው ሥራ በዝቶበት ያብጣል። ኢ.ቲ.ዩ. የምታደርገውም ያንኑ ነው፤ አዮዲኑ እያለ ሥራውን ትከለክለዋለች። አእምሮ “ጨምር!” ብሎ ያዝዘዋል፣ ዕጢው አልችል ይላል፣ ያብጣል። በእንግሊዝ አገር የጎማ ሠራተኞች ላይ በ1984 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ዱቄቱን ከጎማ ጋር በሚያቦኩት ሠራተኞች ደም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞኑ ከሌላው ሰው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።  አደጋው ከማን ዘንድ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ምን ይናገራል? ከጎማው ተጠቃሚ ዘንድ ሳይሆን ጆንያውን ከሚፈታው ሰው ዘንድ ነው።

ለሐቁ ያህል የሌላውንም ወገን ልናገር። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም በ1987 ኢ.ቲ.ዩ.ን “በሰው ላይ ካንሰር ልታመጣ ትችላለች” ከሚለው መደብ ውስጥ አስገብቷት ነበር። በ2001 ግን “በሰው ላይ ካንሰር ታመጣለች ለማለት አይቻልም” ወደሚለው መደብ አወረዳት፤ ምክንያቱም የአይጥ ታይሮይድ ከሰው ይልቅ በዚህ መንገድ ለካንሰር የተጋለጠ ነው። ይህ ነጻ ማውጣት አይደለም፤ የጽንሱ ነገር ባለበት ነው። ግን ሳይንስ እንዲህ ነው፤ አንድን ክስ ያነሳል፣ ሌላውን ያጸናል። “መርዝ ናት፣ አለቀ” ወይም “ምንም አይደለችም፣ ፖለቲካ ነው” ለማለት ለሚቸኩል ሰው ይህች ዱቄት አትመችም።

ታዲያ ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ? በመጀመሪያ ያደረጉት ቀላሉን ነው፤ ዱቄቱን በጎማ ወይም በሰም ለውሰው እንደ ጥራጥሬ አደረጉት። ጥራጥሬ አይቦንም፤ የማይቦን ነገር ሳንባ ውስጥ አይገባም። ይህን የሚንቅ ካለ ተሳስቷል። ብዙ ሰው ከአደጋ ያወጣ ብልሃት ነው። ግን ምትክ አይደለም፤ ነብሩን በረት ማስገባት ነው። ነብሩ አለ።

እውነተኛ ምትክ ሲፈለግ ግን አርባ ዓመት አለፈ። ከ1969 እስከ 2013 ቁጠሩት፣ 44 ዓመት ነው። ለምን? “ካፒታሊስት ስለሆኑ” ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ግማሽ እውነትም አለው። ሌላው ግማሽ ግን ሥራው ራሱ ነው። የጎማ ቅይጥ እንደ ወጥ አሠራር ነው፤ አንዱን ቅመም ስትለውጡ የሁሉም ልክ ይዛባል። አንዱ ምትክ ቶሎ ያበስልና ጎማውን ቅርጽ ሳይይዝ ያደርቀዋል። ሌላው ደህና ያበስልና ጎማው ሲጨፈለቅ አይመለስም። ሦስተኛው ሁሉን ያሟላና በሙቀት ቶሎ ያረጃል። ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ ያንን ማሸጊያ የሚገዛው የመኪና ፋብሪካ “አዲስ ቅይጥ ነው? እንግዲያው ፈተናው ከሀ ይጀመር” ይላል። ልክም ነው፤ የፍሬን ቱቦ በሙከራ አይገጠምም። ስለዚህ ሁሉም “ሌላው ይቅደም” እያለ ተጠባበቀ። አልፎ አልፎ የተገኙ ምትኮች ነበሩ፤ ከሁሉ የታወቀው የታያዞሊዲን ዘር ነው። ኢ.ቲ.ዩ.ን ግን ከመንበሯ ሙሉ በሙሉ አላወረዷትም።

ዱላው የመጣው ከሕግ ነው። ታኅሣሥ 16 ቀን 2013 የአውሮፓ የኬሚካሎች ኤጀንሲ ኢ.ቲ.ዩ.ን ለመራባት ጎጂ ናት ብሎ “እጅግ አሳሳቢ” በሚባሉት ዝርዝር ውስጥ ጻፋት። ይህ ክልከላ አይደለም። ነገር ግን ከዕቃው ክብደት ከ0.1 በመቶ በላይ የያዘ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ለገዢው የመናገር ግዴታ አለበት። ነጋዴ ደግሞ ከመከልከል ይልቅ መናገርን ይፈራል። “ይህ ማሸጊያ ጽንስ የሚጎዳ ነገር አለበት” ብሎ ደረሰኝ ላይ የሚጽፍ ማን አለ?

ሕጉ እየመጣ መሆኑን ያዩ ሰዎች ቀድመው ተነስተው ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሴፍራበር የተባለ ፕሮጀክት ተቋቋመ፤ የእንግሊዙ ኬሚካል አምራች ሮቢንሰን ብራዘርስ፣ በበርሚንግሃም ያለው አስተን ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ነበሩበት። ለእኔ ትምህርቱ ያለው እነዚህ ሰዎች በጀመሩበት ነገር ላይ ነው። የጀመሩት “ምን እንተካ?” ብለው አይደለም፤ “ለመሆኑ ኢ.ቲ.ዩ. እንዴት ነው የምትሠራው?” ብለው ነው። እመኑኝ፣ ያ ሁሉ ዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ቀበቶና ቱቦ የተበሰለባት ዱቄት ከዚንኩ ጋር በትክክል ምን እንደምትሠራ የተስማማ መልስ አልነበረም። ግምት ነበር፤ አንዱ እንዲህ ነው፣ ሌላው እንዲያ ነው ይላል። እነሱ ግን የሞለኪውሉን ሥራ ደረጃ በደረጃ አጥንተው፣ ለሥራው የሚያስፈልገው የትኛው ክፍሏ እንደሆነ ለይተው፣ ያንን ክፍል የያዘ አዲስ ሞለኪውል ነደፉ። ኤስ አር ኤም 102 የሚል የቁጥር ስም ሰጡት። ስለ አሠራሩ የጻፉት ጥናት በ2015 ታተመ።

ኦንስሌገርን አስታውሱ። እሱ ያገኘውን ሁሉ እያስገባ ሞክሮ የሠራለትን ያዘ። በዘመኑ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ አልወቅሰውም። ግን በጭፍን የተገኘ ነገር ሲተካም በጭፍን ነው የሚተካው፤ ስለዚህም ነው ከአኒሊን ወደ ታዮካርባኒላይድ፣ ከዚያ ወደ ታዩራም፣ ከታዩራም ወደ ናይትሮዛሚን ጣጣ እየተንከባለለ የሄደው። አባቶቻችን ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይኸ ነው። ከድጡ የወጣው ሰው ማጡን የረገጠው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እግሩን የሚያነሳበትን እንጂ የሚያሳርፍበትን ስላላየ ነው።

“ይህ ሁሉ የአክረንና የበርሚንግሃም ወግ እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ ይኖራል። አገባን። እንዲያውም ከጎማው ይልቅ በጎመኑ በኩል ነው የሚያገባን።

እነዚያ ዳይታዮካርባሜት የተባሉት የጎማ አፋጣኞች በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዱፖንት ውስጥ ሌላ ሥራ ተገኘላቸው፤ የሰብል ሻጋታ ይገድላሉ። በ1934 ፓተንታቸው ጸደቀ። ከጎማ ማቡኪያ ወደ እርሻ ተሻገሩ ማለት ነው። ከእነሱ ዘር በ1960ዎቹ ማንኮዜብ የተባለው ወጣ። ስሙን የአገራችን የአትክልት ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል፤ በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ያለ የቲማቲምና የሽንኩርት አምራች በዝናብ ወራት ያለሱ መኖር አይቻልም ይላችኋል። ማንኮዜብ ሲከማች፣ ሲሞቅ፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ምን ይሆናል? ኢ.ቲ.ዩ. ይሆናል። ያቺው ናት! የመርጨት ልብስ ሳይኖረው፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚረጨው ወጣትና ከበርሚንግሃም አቡኪ አንድ ዱቄት ያገናኛቸዋል። ልዩነቱ የበርሚንግሃሙን ሰው ደም የመረመረ ሐኪም መኖሩ ነው። አዮዲን በሚያንስበት አገር የታይሮይድ ዕጢን የሚያደክም ነገር ሲጨመር ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረት ተረትነቱ ይቀራል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2020 መጨረሻ ማንኮዜብ ከገበያው እንዲወጣ ወሰነ፤ ለመራባት ጎጂ ነው፣ ሆርሞን ያዛባል ብሎ። እኛስ ነገ “ይታገድ” ብንል? ቃሉ በጆሮ ደስ ይላል። ግን የሚቀጥለው ጥያቄ “በምን ይተካ?” ነው። ቲማቲሙ በሻጋታ ካለቀ ገበሬው የሚደርስበት ድህነትም ይገድላል። ሱቅ ሄዶ “ሌላ ምን አላችሁ?” ሲል ሻጩ የሚያነሳለት ሁለተኛው ጠርሙስ ከመጀመሪያው የባሰ ላለመሆኑ ማን ዋስ አለው? ያልተመረመረ ነገር ንጹሕ ይመስላል፤ ስለሱ የተጻፈ ክፉ ነገር የለማ! በጎማው ታሪክ ውስጥ እያንዳንዱ ምትክ ሲገባ ንጹሕ ነበር።

ስለዚህ “ይተካ” የሚል ሰው፣ ባለሥልጣንም ይሁን ነጋዴ፣ ጋዜጠኛም ይሁን ተሟጋች፣ ሦስት ጥያቄ ቢመልስ ይበቃኛል። የሚወጣው ነገር ምን ሥራ ይሠራ ነበር? የሚገባው ነገር በምን ተፈተነ፣ በማንስ ላይ? መርዙ ከዚህ ሲነሳ የት ሄዶ ያርፋል? እነዚህን ለመጠየቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ጎማው ላይ መልስ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል፤ ጥያቄውን የሚያነሳ ሲጠፋ እንጂ መልሱ ከባድ ሆኖ ብቻ አይደለም።

እስከዚያው ግን ነብሩን በረት ማስገባትም ሥራ ነው። ጆንያውን የሚፈታው ሰው ጓንት ይኑረው፣ የሚረጨው ልጅ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይኑረው፣ ባዶ ጠርሙሱ የውኃ መቅጃ አይሁን። እርጉዝ ሴት ከመድኃኒቱ ትራቅ፤ የ1973ቱ ጥናት እናትየው ሳትታመም ልጁ ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል፣ “ምንም አላመመኝም” ማለት ማስረጃ አይሆንም። ይህን ለማድረግ አዲስ ሞለኪውል እስኪነደፍ መጠበቅ የለብንም።